ከዳኮታ እስከ ትሪፕል ሰቨን፦ የአየር መንገዳችን የካርጎ አውሮፕላኖች

ክንፈ_ቦሌ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁም። ስለ ኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲወራ ሁሌ የሚነሳው የመንገደኛው በረራ ነው። አዲስ አውሮፕላን ገባ፣ አዲስ መዳረሻ ተከፈተ ይባላል። ካርጎው ግን ብዙም አይወራለትም። በጭነት ከአፍሪካ ትልቁ አየር መንገድ የኛ ነው። እንዴት እዚያ እንደደረሰ ግን አንድ ቦታ ላይ ተሰብስቦ አላገኘሁም። ስለዚህ እኔ የማውቀውን ልዘርግፈውና እናንተ ሙሉበት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አየር መንገዱ የተቋቋመው በ1945 መጨረሻ፣ ከአሜሪካው አየር መንገድ ቲደብሊውኤ ጋር በተደረገ ስምምነት ነው። የመጀመሪያው በረራ ኤፕሪል 8 ቀን 1946 ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ካይሮ ሄደ። መጀመሪያ የነበሩት አውሮፕላኖች አምስት ሲ-47 ናቸው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ፣ ዳኮታ የሚባሉት፣ የዲሲ-3 ወታደራዊ ዓይነት። ውስጣቸው የዛሬው ዓይነት መቀመጫ አልነበረም። ግራና ቀኝ ግድግዳውን ተከትሎ የሚታጠፍ አግዳሚ፣ መሀል ላይ ደግሞ በገመድ የታሰረ ዕቃ። መንገደኛው ጭነቱን ፊት ለፊት እያየ ነው የሚጓዘው። ካርጎ መቼ ተጀመረ ለሚለኝ ሰው መልሴ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው።

1960ዎቹን ቶሎ ልለፋቸው። በ1962 መጨረሻ ቦይንግ 720ቢ ገባ፣ ቀጥሎ 707 መጣ። ከ707ቹ ውስጥ ትልቅ የጭነት በር ያላቸው ስለነበሩ እንደ ወቅቱ ሰውም ዕቃም ያመላልሱ ነበር።

ለጭነት ብቻ ተብለው የመጡት ከዚያ በኋላ ናቸው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ኤል-100 ሄርኩለስ፣ በ1990 ደግሞ 757 ፒኤፍ። ይሄ ሁለተኛው ብርቅ አውሮፕላን ነው። ቦይንግ 80 ብቻ ነው የሠራው፣ አብዛኛውን የወሰደው የአሜሪካው ዩፒኤስ ነው። ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ አዲስ አበባ መጣ። መስኮት የሌለው፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ለዕቃ ብቻ የተሠራ። ከዚያ ሁለት ኤምዲ-11 ባለ ሦስት ሞተር ገቡ። በ2012 ደግሞ 777 ኤፍ መጣ፤ ትሪፕል ሰቨን የምንለው የጭነቱ ዓይነት። ከአፍሪካ የመጀመሪያው ገዢ እኛ ነበርን። ዛሬ የካርጎው ጀርባ አጥንት እሱ ነው። በኋላ 737-800 እና 767 ከመንገደኛ ወደ ጭነት ተቀይረው ተጨመሩ።

የኔ ሐሳብ ይሄ ነው፦ እነዚህን አውሮፕላኖች ያስመረጠው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ሆዳቸው ውስጥ የሚገባው ጭነት፣ ሌላው የቦሌ ከፍታ። የተቀረው ሁሉ ከነዚህ ሁለቱ ይከተላል። እናንተስ ነገሩን የቀየረው የቱ አውሮፕላን ነው ትላላችሁ?

ጋሽ_ከጅማ

ልጆቼ፣ ይህን ስላነሳችሁ ደስ ብሎኛል። የዲሲ-3ን ዘመን ያየ ሰው እዚህ ብዙ አይኖርም። እኔ ጅማ ነው ያደግሁት፣ በጃንሆይ ጊዜ። ክረምት ሲገባ የአዲስ አበባ መንገድ ጭቃ ይሆንና መኪና ስንት ቀን ይፈጅበታል። አውሮፕላኑ ግን ጠዋት ተነስቶ ከሰዓት በፊት ደርሷል።

ቡናው በጆንያ ይመጣል። ቆዳው ጨው ተነስንሶበት ተጠቅልሎ ይመጣል፣ ሽታው ከሩቅ ይሰማል። ሜዳው ዳር ትልቅ ሚዛን ነበር። የሚመዘነው ጆንያው ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ መንገደኛውም ይመዘናል። ጭነቱ ከገባ በኋላ አብራሪው ራሱ ገመዱን አንድ በአንድ እየሳበ ይፈትሻል። ላላ ካለ ተፈትቶ እንደገና ይታሰራል። አውሮፕላኑ የሚይዘው ሦስት ቶን ገደማ ነው። ለዛሬ ሰው ምንም አይደለም፤ ያኔ ግን አንድ ነጋዴ ሦስት ቶን ቡና በአንድ ጠዋት አዲስ አበባ ካስገባ ትልቅ ሰው ነው።

ስለዚህ ነገሩን የቀየረው የቱ ነው ብትሉኝ ዲሲ-3 ነው የምላችሁ። መንገድ በሌለበት አገር መንገድ የሆነው እሱ ነው።

ዳዊት_ድሬ

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን፣ ጥሩ አድርገው ነው የነገሩን። እኔም ከድሬዳዋ በኩል አንድ ነገር ልጨምር። የሚበላሽ ጭነት ሲባል ሁሉም ሰው አበባ ነው የሚለው። ከአበባው በፊት ግን ጫት ነበር። ጫት ተቆርጦ በሁለት ቀን ውስጥ ካልተቃመ ዋጋ የለውም። በዲሲ-3 ዘመን አየር መንገዱ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲና ወደ የመኗ ኤደን ጫት ያመላልስ ነበር። ጠዋት ከሐረርጌ ገበሬ እጅ የወጣው እስር በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ውሃ ተረጭቶበት፣ ከሰዓት ባሕር ተሻግሮ ይሸጣል።

አያቴ በዚህ ንግድ ውስጥ ነበረች። የአውሮፕላኑን ሰዓት ከጸሎት ሰዓት እኩል ታውቀው ነበር ይሉናል ቤተሰቦቼ። ሰዓት ጠብቆ፣ ሳይጠወልግ፣ በየቀኑ ማድረስ የሚባለውን ሥራ አየር መንገዱ የተማረው ያኔ ይመስለኛል። አበባው ሲመጣ ልምዱ ነበር።

ራምፕ_ላይ

እኔ ካርጎ ራምፕ (አውሮፕላኑ ቆሞ የሚጫንበት ሜዳ) ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ አሁን ወጥቻለሁ። ስለ ሄርኩለሱ አንድ ነገር ልበል። ኤል-100 የተገዛው ለንግድ ብቻ አልነበረም። የ1984ቱን ድርቅ አስታውሱ። ያኔ የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን አየር ኃይሎች በራሳቸው አውሮፕላን እህል ሲያመላልሱ ነበር። እኛ ከኋላው በሰፊው የሚከፈት፣ ጠጠር ሜዳ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን ያስፈልገን ነበር። ሄርኩለስ የኋላ መዝጊያው መሬት ይነካል። ፎርክሊፍት በሌለበት ቦታ ሰው በትከሻው ተሸክሞ ይገባል፣ ይወጣል። 757ን እንዲህ ማድረግ አትችልም። በሩ ከመሬት ብዙ ሜትር ከፍ ስለሚል ማንሻ መሣሪያ ይፈልጋል።

አሁን ስለ ትሪፕል ሰቨኑ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከውጭ ሲያዩት ብቻ አይገባም። ዋናው የጭነት በር በግራ በኩል ከክንፉ በኋላ ነው። ስፋቱ 3 ሜትር ከ72 ሳንቲ ነው። ሃይ ሎደሩ፣ ማለትም ማንሻ መሣሪያው፣ ፓሌቱን (ዕቃው ተደርድሮ የሚታሰርበትን ሰሌዳ) አንስቶ ከበሩ ጋር ያስተካክላል። ወለሉ ሙሉ በሙሉ ሮለርና ኳስ ነው። ብዙ ቶን የሚመዝነው ፓሌት እዚያ ላይ በሞተር እየተገፋ ይሽከረከራል፣ ይዞራል፣ ወደ ቦታው ይሄዳል። ቦታው ሲደርስ ከወለሉ መቆለፊያ ይነሳና ቀጭ ይላል። ያንን ድምፅ ሳትሰማ ወደሚቀጥለው አትሄድም። ከላይ 27 ፓሌት፣ ከታች ደግሞ 10። በድምሩ ከ100 ቶን በላይ።

ሎድማስተሩ የትኛው ፓሌት የት እንደሚቀመጥ የሚያሳይ ወረቀት ይዞ ይቆማል። ክብደቱ ወደ ኋላ ካጋደለ አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ በጭራው ሊቀመጥ ይችላል፤ ሌላ አገር ላይ እንዲህ ሆኖ ያውቃል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ቀልድ የለውም።

አንድ ሌላ ነገር። ለትሪፕል ሰቨን ሦስት ሜትር ከፍታ ድረስ የተደረደረ ፓሌት 757 ላይ አይገባም። የ757 ጣሪያ ዝቅ ያለ ነው። ከትልቁ ወደ ትንሹ ዕቃ ሲዘዋወር ፓሌቱ ፈርሶ እንደገና ይሠራል። ሰዓት የሚበላው ይሄ ነው። የተለያየ ዓይነት አውሮፕላን መያዝ ጥሩ ነው ስትሉ ይቺን አስቡ።

ስፖተር_ናቲ

ወይኔ ራምፕ_ላይ፣ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ነው የምፈልገው፣ አመሰግናለሁ!

እኔ ለአውሮፕላን ወዳጆች አንድ ነገር ላክል። ቦይንግ ለየደንበኛው ቁጥር ይሰጥ ነበር፤ የኛ ቁጥር 60 ነው። ለዚህ ነው 757ቱ 757-260፣ 767ቱ 767-260 የተባሉት። 777 ጭነቱ ደግሞ 777-ኤፍ60 ይባላል። ቦይንግ አሰራሩን በኋላ ትቶታል፣ ግን የድሮዎቹን ሰነድ ስታዩ 60 ካለ የኛ ነበር ማለት ነው። ሌላ አየር መንገድ ገዝቶት ቀለሙ ተቀይሮም ቁጥሩ አይቀየርም።

ጽጌ_ባቱ

እኔ አውሮፕላን ላይ ብዙም አላውቅም። አበባ ግን አውቃለሁ፤ ባቱ የአበባ እርሻ ፓክሃውስ ውስጥ ነው የምሠራው። ሁላችሁም ስለ አውሮፕላኑ ነው የምታወሩት። እኔ ደግሞ ከአውሮፕላኑ በፊት ቀዝቃዛው መጋዘን ይቀድማል ባይ ነኝ።

ጽጌረዳ የሚቆረጠው ገና እምቡጥ ሳለ ነው። ወዲያው ባልዲ ውስጥ ውሃ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ፓክሃውስ መጥቶ በርዝመት ይለያል፤ 40 ሳንቲ ለብቻ፣ 50 ለብቻ፣ 60 ለብቻ። ቅጠሉ ከታች ይላጫል፣ በካርቶን ይጠቀለላል። ከዚያ ቀዝቃዛ ክፍል፣ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ። ማታ ማቀዝቀዣ ባለው መኪና ወደ ቦሌ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይህን ቅዝቃዜ መጠበቅ ነው።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አበባው ከቅዝቃዜ ወጥቶ ሙቀት ሲያገኘው ያልበዋል። የላቡ ጠብታ ቅጠሉ ላይ ይቀራል። እዚያ ላይ ግራጫ ሻጋታ ይወጣል። ስትልኪው ምንም የለውም፣ ገዢው ጋ ሲደርስ ነጠብጣብ ሞልቶታል። አንዴ የአንድ አጓጓዥ ድርጅት መኪና ማቀዝቀዣው መንገድ ላይ ቆሞ ሾፌሩ ሳይናገር ቦሌ አደረሰው። ካርቶኑ ከውጭ ደህና ነው። ሲከፈት ግን ሙቀቱ ፊት ላይ ይመጣል። ሙሉው ጭነት ተጣለ። የሳምንት የስንት ሴቶች ልፋት ነበር።

አበባው በብዛት መውጣት የጀመረው ከ2000 ወዲህ ነው። ያኔ አውሮፕላን ቢኖርም ቦሌ ላይ የሚያርፍበት ቀዝቃዛ ቦታ ጠባብ ነበር። በ2017 ሁለተኛው የካርጎ ተርሚናል ሲከፈት ነው እኛ የተነፈስነው። የፌብሩዋሪ 14 ሰሞን፣ የፍቅረኞች ቀን ሲደርስ፣ ያለ እሱ እንዴት እንደምንሆን አላውቅም።

ክንፈ_ቦሌ

ጽጌ፣ ይሄን በደንብ ስላነሳሽው እግዜር ይስጥልኝ። ተርሚናሉን በቁጥር ልደግፍልሽ። ሁለተኛው ተርሚናል በዓመት 600 ሺህ ቶን እንዲያስተናግድ ነው የተሠራው። ከአንደኛው ጋር ሲደመር አቅሙ አንድ ሚሊዮን ቶን ገደማ ነው። አየር መንገዱ በ2023/24 የበጀት ዓመት የጫነው ከ750 ሺህ ቶን በላይ ነበር። በ1946ቱ ሲ-47 ሦስት ሦስት ቶን እያልክ ብትቆጥረው ሩብ ሚሊዮን ምልልስ ነው።

ይሄ የኔንም ሐሳብ ያጠናክረዋል። 777 ኤፍ የተገዛው አበባ ስለነበረ ነው። አበባ ባይኖር ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ 100 ቶን የሚወጣ ነገር ከየት ይመጣል?

መርካቶ_አስመጪ

ወንድሜ ክንፈ፣ መውጫውን ብቻ አታስብ። እኔ የማስመጣ ሰው ነኝ። አውሮፕላኑ አበባና ሥጋ ይዞ ከወጣ በኋላ ባዶውን አይመለስም። ከጓንዡ፣ ከሻንጋይ፣ ከሆንግ ኮንግ፣ ከዱባይ ይጭናል። ስልክ፣ መለዋወጫ፣ ጨርቅ፣ መድኃኒት። ትርፉ ያለው መመለሻው ላይ ነው። ከቻይና የሚመጣው ዋጋ ከአዲስ አበባ ከሚወጣው ይበልጣል። ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ኪሳችን ይመሰክራል።

ለጀማሪ አስመጪዎች አንድ ምክር። በአየር የሚታሰበው በኪሎ ብቻ አይደለም። አንድ ሜትር ኩብ ቦታ የያዘ ዕቃ ቢያንስ እንደ 167 ኪሎ ይታሰባል። ጫማ ከነካርቶኑ ካስጫንክ አየር እየከፈልክ ነው። ካርቶኑን አጥፈህ፣ ጫማውን አንዱን በሌላው ውስጥ አስገብተህ አስጭን።

ሌላው ችግር ዕቃው ቦሌ ከደረሰ በኋላ ነው። አንድ ትራንዚተር ሰነድ ሳያሟላ ቀርቶ ዕቃዬ መጋዘን ውስጥ ተኝቶ የመጋዘን ኪራይ ሲቆጥርብኝ ነበር። አውሮፕላኑ ከቻይና በአንድ ሌሊት ያመጣውን ወረቀት ሳምንት ያስቆመዋል። በአየር ማስመጣት ከፈለግክ ኢንቮይሱና ኤርዌይ ቢሉ (የአየር ጭነት ሰነዱ) ላይ ያለው ስም፣ ቁጥር፣ ክብደት አንድ ዓይነት መሆኑን ዕቃው ሳይነሳ አረጋግጥ።

ሀቢብ_ጂዳ

ሥጋ ስትሉ እዚህ ነው የሚመጣው። ከሞጆና ከቢሾፍቱ ቄራዎች የታረደ በግና ፍየል ሙሉ ገላው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ቀዝቅዞ ይደርሳል። በረዶ እስኪሆን ግን አይደርስም፣ ስለዚህ ጣዕሙ አይለወጥም። ሳውዲዎቹ የሐበሻ በግ ብለው ለይተው ይጠይቃሉ። ሱቅ ውስጥ ሳየው ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው። ብዙው የሚመጣው በመንገደኛ አውሮፕላን ሆድ ነው። ከላይ እኛ ሠራተኞች፣ ከታች በጉ።

ክንፈ_ቦሌ

ሀቢብ ያነሳው ትልቅ ነገር ነው። ካርጎ ስንል የጭነት አውሮፕላኖቹ ብቻ አይደሉም። የ777-300 እና የኤርባስ ኤ350 ሆድ ብዙ ዕቃ ይይዛል። የጭነት አውሮፕላን የሚያስፈልገው ከፍታው ትልቅ ለሆነ፣ ሆድ ውስጥ ለማይገባ፣ ወይም በአንዴ ብዙ ለሚሄድ ነገር ነው።

መርካቶ_አስመጪ ስለ መመለሻው ያለውም ልክ ነው፤ መስመሮቹ የተሳሉት ለዚያ ነው። አዲስ አበባ መሀል ሆና ከቻይና የመጣው ወደ አፍሪካ ከተሞች ይከፋፈላል። ቶጎ ሎሜ ለምዕራብ አፍሪካ ሁለተኛ ማዕከል ሆናለች። ቤልጂየም ሊየዥ የአውሮፓ በር ናት። ከዚያም አልፎ ብራዚልና ቺሊ ድረስ ይሄዳል። 737-800ቱ የገባውም ለዚህ ነው። ትሪፕል ሰቨን ያመጣውን 20 ቶን 20 ቶን እያደረገ በአቅራቢያው ላሉ ከተሞች ያደርሳል።

ሰላም_ሊየዥ

አለሁ! ስሜ ሲነሳ ገባሁ። እኔ እዚህ የጭነት መኪና ድርጅት ውስጥ ቢሮ ነው የምሠራው። ሊየዥ ሌሊት የማይዘጋ ኤርፖርት ነው። ብራስልስና አምስተርዳም ላይ የሌሊት በረራ ገደብ ስላለ ካርጎው ወደዚህ ይመጣል። ኤርፖርቱ ራሱ ከመንገደኛ ይልቅ በጭነት ነው የሚኖረው።

የኢትዮጵያ አውሮፕላን ሲያርፍ አበባው ወዲያው ማቀዝቀዣ ወዳለው መኪና ይገባል። ሆላንድ አልስሜር ያለው የአበባ ገበያ ድረስ በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ጨረታው ጠዋት በማለዳ ስለሚጀምር ከዚያ በፊት መድረስ አለበት። ካርቶኑ ላይ የእርሻው ስም ተጽፎ ይመጣል። ጽጌ፣ ምናልባት ያንቺን አበባ ወረቀቱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።

ጽጌ_ባቱ

ሰላሜ! ከሆነ በደንብ ቀዝቅዞ ይድረስልሽ፣ ሌላ ምንም አልልም።

የሺ_ነታንያ

የጭነት አውሮፕላን ስትሉ እኔ ሌላ ነገር ነው ትዝ የሚለኝ፤ ከክሩ ትንሽ ይወጣል፣ ይቅርታ። በሜይ 1991 እኛ ከአዲስ አበባ ስንወጣ፣ በዘመቻ ሰለሞን፣ የእስራኤል አየር መንገድ የኤል አል 747 ነበር። ብዙ ሰው እንዲይዝ መቀመጫው ተነቅሎ ነበር። በአንድ በረራ ከ1,000 በላይ ሰው ይዞ ወጣ። እስካሁን በአንድ አውሮፕላን የዚያን ያህል ሰው ተጭኖ አያውቅም። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሆነን ነው የተሻገርነው። እናቴ ወለሉ ላይ ተቀምጣ እኔን ጭኗ ላይ ይዛ ነበር። ራምፕ_ላይ ስለ ሚዛኑ ሲያወራ፣ ያን ቀን ማን እንደመዘነን አሰብኩ። አብዛኞቻችን ቀጫጭን ነበርን፤ ሻንጣም አልነበረንም። የተቻለው ለዚያ ነው ይላሉ።

ራምፕ_ላይ

የሺ፣ ከክሩ አልወጣሽም። ክብደት ማለት እሱ ነው። አውሮፕላኑ ክብደቱን እንጂ ሰው ይሁን ዕቃ አያውቅም።

መቀመጫ መንቀል ስትይ ደግሞ 2020 መጣብኝ። ኮሮና ሲመጣ የመንገደኛ በረራ ቆመ። በዓለም ላይ ብዙ አየር መንገድ አውሮፕላኑን አቁሞ ሠራተኛውን በተነ። በያኔው የአየር መንገዱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ በአቶ ተወልደ ገብረማርያም ጊዜ የኛዎቹ ወደ 25 የሚሆኑ የመንገደኛ አውሮፕላኖችን መቀመጫ ነቅለው ዕቃ ጫኑባቸው። የተነቀለውን ወንበር ሃንጋር ውስጥ ተደርድሮ አይቼዋለሁ። እነዚህ አውሮፕላኖች ሮለር የላቸውም፣ በራቸውም የሰው በር ነው። ስለዚህ ካርቶኑ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ነው የሚገባው። ከዚያ በመረብ ይታሰራል። አንድ አውሮፕላን ለመሙላት ስንት ሰው፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አስቡት።

የጃክ ማ ፋውንዴሽን ዕርዳታ ማርች 22 ቦሌ ሲገባ 5.4 ሚሊዮን ማስክና ከአንድ ሚሊዮን በላይ የምርመራ ኪት ነበር። ከዚያ ለአፍሪካ አገሮች በሙሉ ተከፋፈለ። በኤፕሪል ደግሞ የዓለም ምግብ ፕሮግራም የዕርዳታ ማዕከሉን ቦሌ ላይ ከፈተ። ነገሩን የቀየረው ምንድን ነው ላላችሁት፣ ለኔ ያ ዓመት ነው። አውሮፕላን አይደለም፣ ዓመት ነው።

ህሊና_22

ያው በዚያ ዓመት ሻንጋይ ላይ የተቃጠለው ትሪፕል ሰቨንስ? ቪዲዮውን አይቼ ልቤ ደንግጦ ነበር። ምክንያቱ ታወቀ?

ስፖተር_ናቲ

ታውቋል። ጁላይ 22 ቀን 2020 ነው፣ በምዝገባ ቁጥሩ ኢቲ-ኤአርኤች የሚባለው። ፑዶንግ ላይ ቆሞ ለሳኦ ፓውሎና ለሳንቲያጎ ጭነት እየጫነ ነበር። ከጭነቱ ውስጥ የክሎሪን ዳይኦክሳይድ ፀረ ተህዋሲ ኪኒን ነበረበት። ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው በራሱ ተቀጣጠለ። እሳቱ ጣሪያውን በልቶ ወጣ። የሞተ ሰው የለም። አውሮፕላኑ ግን አልተረፈም።

በ2021 ደግሞ አንድ 737 የጭነት አውሮፕላን ዛምቢያ ንዶላ ላይ ገና ግንባታው ባላለቀ አዲስ ኤርፖርት አርፎ ነበር። ሁለቱ ኤርፖርቶች ብዙም አይራራቁም። ማንም አልተጎዳም፣ ተነስቶ ሄደ።

ራምፕ_ላይ

ስለ ሻንጋዩ እሳት አንድ ነገር ልጨምር፣ አስመጪዎች ስላላችሁ። አደገኛ ዕቃን ሳይናገሩ መጫን ሰው መግደል ነው። ባትሪ፣ ሽቶ፣ ኬሚካል፣ ፓወር ባንክ። ላኪው በወረቀት ላይ ካልጻፈው ራምፕ ላይ ያለው ሰው አያውቅም፤ ለእሱ ሁሉም ካርቶን አንድ ነው። ጻፉት። ቢዘገይ ይዘግይ።

ጋሽ_ከጅማ

ይህ ልጅ እውነት ነው የሚናገረው፣ ስሙት።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ክንፈ መጀመሪያ የቦሌ ከፍታ ብለህ ነበር። ከዚያ ማንም አላነሳውም። ከፍታው ምን ያደርጋል? በኛ ጊዜ ልደታ ሜዳ ነበር የምናርፈው፣ ያው ከፍታ ነው።

ክንፈ_ቦሌ

ጋሼ፣ ስለጠየቁኝ ደስ አለኝ፤ ዋናው ነገር እሱ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ክንፉ የሚደገፍበት አየር ያንሳል፣ ሞተሩም የሚስበው አየር ያንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት፣ ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። ሞቃት ቀን ከሆነ ደግሞ ይብሳል። 720ቢ ድሮ የተመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። የካርጎ በረራዎች ብዙዎቹ ሌሊት የሚነሱበት አንዱ ምክንያትም ይሄው ነው፤ ሌሊት አየሩ ይቀዘቅዛል።

777 ኤፍ በዝቅተኛ ቦታ ከ100 ቶን በላይ ይዞ 9,000 ኪሎ ሜትር ይበራል። ከቦሌ ግን ሙሉ ጭነትና ሙሉ ነዳጅ ባንዴ ይዞ መነሳት ከባድ ነው። አንዱን መቀነስ አለብህ። አውሮፕላኑ ሊየዥ ላይ ከመሬት ሲነሳ የሚሸከመውን ቦሌ ላይ አይሸከምም። ሁለት ሞተር ብቻ ይዞ ይህን ያህል ጉልበት የሚሰጥ ሌላ የጭነት አውሮፕላን ስለሌለ ነው እሱ የተመረጠው። ኤምዲ-11ዱ ሦስት ሞተር ይዞ ጭነቱ ያንሳል፣ ነዳጁ ይበዛል። ቶሎ የተሸኘው ለዚያ ነው።

ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲሱ ኤርፖርት ከቦሌ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ይላል። ሰው የሚያወራው ስለ መንገደኛው ብዛት ነው። ለካርጎ ግን ትርፉ ከፍታው ላይ ነው፤ ያው አውሮፕላን፣ ያው ነዳጅ፣ ተጨማሪ ቶን አበባ። ጽጌ፣ ከባቱም ይቀርብሻል።

ጽጌ_ባቱ

ቀረበ ማለት መኪናው ውስጥ የሚያድርበት ሰዓት አጠረ ማለት ነው። ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ህሊና_22

የመጨረሻ ጥያቄ። 767ቱን እዚሁ ነው አሉ ወደ ጭነት የሚቀይሩት፣ እውነት ነው? ቀጥሎስ ምን ይመጣል?

ስፖተር_ናቲ

እውነት ነው። ከእስራኤሉ የአውሮፕላን ኩባንያ አይኤአይ ጋር ተስማምተው አዲስ አበባ ሃንጋር ውስጥ ነው የሚሠራው። አየር መንገዱ ራሱ ለዓመታት መንገደኛ ያመላለሰባቸውን 767-300ዎች ነው የወሰዱት። በግራ ጎን ከፊት አካሉን ቆርጠው ትልቅ በር ይገጥማሉ። መስኮቱ ይደፈናል። ወለሉ ይጠናከራል። ከኮክፒቱ ኋላ ጭነቱ ድንገት ወደ ፊት ቢመጣ የሚያቆም ጠንካራ ግድግዳ ይቆማል። ይህን ሥራ የኢትዮጵያ ቴክኒሻኖች እጅ ማስገባቱ አንድ አውሮፕላን ከመግዛት ይበልጥብኛል። ከ50 ቶን በላይ ይይዛል፤ በ777 እና በ737 መካከል የነበረውን ክፍተት ይሞላል።

ቀጥሎ የሚጠበቀው 777-8 ኤፍ ነው። በማርች 2022 ለአምስት የመግባቢያ ሰነድ ተፈርሟል። በዚያው ዓመት ተጨማሪ አምስት 777 ኤፍም ታዟል። ከ2028 ጀምሮ አዲሱ የዓለም አቀፍ የልቀት መስፈርት የድሮውን 777 ማምረት ስለሚከለክል፣ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ማዘዙ ልክ ነበር እላለሁ። አዲሱ ቢዘገይም፣ እየዘገየም ነው፣ በእጅ ያለው ይሠራል።

ክንፈ_ቦሌ

ናቲ እንዳለው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት የጭነት አውሮፕላኖቹን የምዝገባ ቁጥር በሙሉ፣ መቼ እንደገቡና የት እንደሄዱ፣ በአዲስ ክር እዘረዝራለሁ። የ707 ዘመን ላይ የሠራችሁ ወይም ከቤተሰብ ፎቶ ያላችሁ ካላችሁ እዚያ ላይ አድርጉት። ጋሼ፣ ከጅማው ሜዳ ፎቶ ካለዎት እባክዎ አይርሱን።

ጋሽ_ከጅማ

አንድ አለ። ልጄ ሲመጣ በስልኩ አንስቶ ይልክላችኋል።